የወርቅ ቤቱ ሳጥን

ሪሌይ ሲነሳ የሚያሰማትን ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ያሳዝነኛል። "ቀጭ!" ትላለች፣ አለቀ። አንዲት የፈንዲሻ ፍሬ ድስት ውስጥ ስትፈነዳ ያህል ናት። እዚያች "ቀጭ" ውስጥ ምን እንዳለ ላስረዳ ስነሳ ግን ምራቄን መዋጥ እረሳለሁ፤ ጓደኞቼም "በል ደግሞ ጀመረህ" እያሉ ጥለውኝ ይነሳሉ። ይነሱ! ሪሌይ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያዝ ማብሪያ ነው። በቀጭን ሽቦ የመጣች፣ እዚህ ግባ የማትባል ጉልበት ትነካዋለች፤ እሱ ደግሞ መብራት ያበራል፣ ሳይረን ያስጮኻል፣ በር ይቆልፋል። ትንሹ ትልቁን ሲያዝ ማየት ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

ሐርጌሳ ውስጥ ያቺን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማኋት በአንዲት ወርቅ ሻጭ ሱቅ ነው። ከተማዋ ያኔ ከፍርስራሽ እየተነሳች ነበር። ጥይት የበሳሳው ግድግዳ ጎን አዲስ ፎቅ ይቆማል፣ የቆመው ቀለም ሳይቀባ ሌላው ይጀመራል፣ መንገዱ ሁሉ አሸዋና ሲሚንቶ ነው። እኔም ከአገሬ ልጆች ጋር ኮድቡር የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ ለአንድ ኮንትራክተር ሽቦ እጎትት ነበር። እጎትት ነበር ስል እንደ ቃሉ ነው። አዳማ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሞተሮቹን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሠራሁ ሰው፣ እዚህ የምፈለገው ጥቅልሉን ተሸክሜ ደረጃ ለመውጣት ብቻ ነበር። አለቃዬ ስሜን አልያዘውም፤ "ሽቦ!" እያለ ነው የሚጠራኝ። ደሜ ይፈላል፣ ግን እጎትታለሁ።

አንድ ጠዋት ወሎዬዋ እህቴ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። የሥጋ እህቴ አይደለችም። ወርቅ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ሶማልኛውን እንደ አገሬው የምታንቆረቁረው፣ ለሐበሻው ሁሉ አስተርጓሚ የሆነች ሴት ናት።

"ሥራ አገኘሁልህ ወላሂ!" አለችኝ ገና ሳትደርስ። "የአሠሪዬ ወንድም ከውጭ አገር ካርቶን ልኮላታል። ካሜራ አለው፣ የሚጮህ ነገር አለው፣ ሽቦው የትየለሌ ነው። እዚህ የሚገጥመው ሰው ጠፋ።"

"ሪሌይ አለው?"

"እኔ ምን አውቄ! አንተ መጥተህ እይ።"

ሄድኩ። ካርቶኑ ተከፍቶ ሳየው ጮቤ ረገጥኩ። በሩ ላይ የሚገጠም ማግኔት ያለው ሴንሰር፣ የሰው እንቅስቃሴ የሚለይ ሌላ ሴንሰር፣ ካሜራ፣ ምስል የሚይዝ መሣሪያ፣ ሳይረን፣ በሩን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቁልፍ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሁሉንም የሚያገናኘው ሳጥን። ሳጥኑን ከፈትኩት፤ ሪሌዮቹ በረድፍ ተደርድረዋል! እኔም እንደ ዘመድ ሰላም ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

ባለሱቋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። ቆፍጣና ሴት ናት። በወሎዬዋ አፍ እንዲህ አለችኝ፦ "እኔ ይህን ነገር አልለመንኩም፣ ወንድሜ ነው። ግጠመው። ነገ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ወርቅ ሻጮቹ ጓደኞቼ ሁሉ መጥተው ያያሉ። ከሠራ እዚሁ ግድግዳዬ ላይ ይኖራል፣ የእነሱንም ሱቅ አንተ ትሠራለህ። በቤቴ ሁከት ካመጣ ግን አውርደህ ወደ ሽቦህ ትመለሳለህ።"

ነገሩ ይኸው ነበር። ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ከቀረ እኔ ባለሙያ ነኝ፤ ከወረደ ሽቦ ነኝ።

ሱቁ ያለው ከዋናው ገበያ ገባ ብሎ፣ በሁለት ሕንፃዎች መሐል በሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ከፊት ለፊቱ የቆመው አዲስ ፎቅ እኔ ሽቦ የምጎትትበት ነበር፤ እሱ ከቆመ ወዲህ መተላለፊያው በቀትርም ደንገዝ ይላል። በሱቁ በር አጠገብ ኤዶ ይቀመጣሉ። ኤዶ በአገሩ ቋንቋ አክስት ማለት ነው፤ ዝምድና ኖረም አልኖረም፣ ዕድሜ የጠገበች ሴት ሁሉ እንዲያ ትጠራለች። ወተት ይሸጣሉ። በቀኛቸው የግመል ወተት ያለበት ትልቅ ጀሪካን፣ በግራቸው የፍየል ወተት ያለበት ትንሽ ጀሪካን አለ።

እኔ የደጋ ክርስቲያን ነኝ፤ እኛ ቤት የግመል ነገር አይቀመስም። ይህን ገና የመጀመሪያ ቀን ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ግን ወተት ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር ትልቁን ጀሪካን ያነሳሉ። "ኤዶ፣ እኔ ነኝ፣ የፍየሉን" ስላቸው፣ "አሃ! የፍየሉ!" ብለው ይስቁና ትልቁን አስቀምጠው ትንሹን ይቀዱልኛል። በየቀኑ ያው ነው! በሃይማኖቴ የሚቀልዱብኝ እየመሰለኝ አንዳንዴ ይከነክነኝ ነበር። ግን ሳቃቸው ደስ የሚል ስለሆነ አብሬ እስቃለሁ።

ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ በዚያው ቀን ሥራ ጀመርኩ። የዚያን ቀን የነበረኝን ደስታ መቼም አልረሳውም። መሰላል ላይ ወጥቼ እዘፍናለሁ፣ ወርጄ ሽቦ እልጣለሁ፣ መልሼ እወጣለሁ። ለብቻው ሲታይ እያንዳንዱ ዕቃ ደነዝ ነው። ሴንሰሩ ያውቃል እንጂ አይናገርም፤ ካሜራው ያያል እንጂ ምን እንዳየ አያውቅም፤ ሳይረኑ አፍ ብቻ ነው። ስታገናኛቸው ግን! በሩ ሲከፈት ማግኔቱ ይርቃል፣ ሳጥኑ ይሰማል፣ ካሜራው ምስል መያዝ ይጀምራል፣ "ቀጭ!"፣ ሳይረኑ ይጮኻል፣ "ቀጭ!"፣ በሩ ተመልሶ ሲገጠም የኤሌክትሪክ ቁልፉ ጥርቅም ያደርገዋል። ሌባው ከነወርቁ ውስጥ ይቀራል። ወሎዬዋን ሌባ አድርጌ ሞከርኩት፤ ሳይረኑ ሲጮህ "ያ ረቢ!" ብላ ጫማዋን ጥላ ሮጠች፣ ከበሩ ማለፍ ግን አልቻለችም። በመስታወቱ በኩል እየተያየን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

የሳጥኑን ማጥፊያና ማብሪያ ቁልፍ ከበሩ ውጭ አደረግሁት። ምክንያት ነበረኝ። የሶላት ጥሪ ሲሰማ ባለሱቋ የምታደርገውን አይቼ ክው ብያለሁ። ወርቁ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንደተደረደረ፣ ከውስጥ መጋረጃ ትስባለች፣ በሩን ገፋ አድርጋ ትዘጋለች፣ ትሄዳለች። አትቆልፍም! ገበያው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ገንዘብ መንዛሪዎቹ እንኳ ብራቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ በሶላት ሰዓት እዚያ መቆም ነውር እየመሰለኝ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤት እሄድ ነበር። ስለዚህ ያየሁት ባዶ ሱቅ ነው። "ባዶ ሲሆን ሳጥኔ ይጠብቀዋል" አልኩ በልቤ። ስትወጪ ቁልፏን ታዞሪያለሽ ብዬ ለባለሱቋ አስረዳኋት፤ "እሺ" አለች፣ ሌላ ያለችው ነገር የለም።

በማግሥቱ ዙሁር ደረሰ። ባለሱቋ መጋረጃዋን ስባ ወጣች፣ ቁልፏን አዞረች፣ ሳጥኑ "ቀጭ" አለና ነቃ። እሷና ወሎዬዋ ወደ መስጊዱ ሄዱ። ከሶላት መልስ ከጓደኞቿ ጋር ስትመጣ እኔ ሌባ ሆኜ ልገባና ላሳያቸው ተስማምተናል። እኔም ወደ ምግብ ቤቴ ሄድኩ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ልጎርስ አፌን ስከፍት ሳይረኑ አገር ምድሩን አናወጠው።

ጉርሻዬን ጥዬ ተነሳሁ። ደነገጥክ ወይ ብትሉኝ፣ በጭራሽ! ልቤ በደስታ ልትወጣ ነበር። "ያዘ! ያዘ!" እያልኩ፣ በአማርኛ፣ ማን ይስማኝ ማን አይስማኝ ሳልል መንገዱን አቋርጬ ሮጥኩ። እውነተኛ ሌባ! በመጀመሪያው ቀን! ለሙከራ ከማስመሰል አንድ ራሱ የመጣ ሌባ አይሻልም? መተላለፊያው ውስጥ ስደርስ በሩ እንደ ጉድ ተጠርቅሟል፣ መጋረጃው ስለተሳበ ውስጡ አይታይም፣ ሳይረኑ ጆሮ ይበጥሳል። ኤዶ ከመቀመጫቸው የሉም፤ ምስኪን፣ በርግገው ሸሹ አልኩ። ትንሹ ጀሪካን ብቻውን ቀርቷል።

ሰዉ ሶላቱን ሲጨርስ ግር ብሎ መጣ። ጫማውን በእጁ የያዘ አለ፣ ዱላ ያነሳ አለ። እኔ በሩ ላይ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። "ውስጥ ነው፣ መውጫ የለውም" እላለሁ በዚያች በተሰባበረች ሶማልኛዬ። ባለሱቋ ሰዉን እየገፋች ደረሰች፤ ከኋላዋ ወርቅ ሻጮቹ ጓደኞቿ ሁሉ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ቁልፏን አዞረች፣ ጩኸቱ ቆመ፣ በሩ ተላቀቀ። መጋረጃውን በአንድ እጇ ገለጠችው።

ኤዶ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ትልቁን ጀሪካን በጉልበታቸው መሐል ይዘዋል፣ ሻርፓቸውን ጆሮአቸው ላይ ጠቅልለዋል። ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መልሰው፣ "ጨረሰ?" አሉ።

ማንም አልሳቀም። ዱላ ያነሳው ሰው ዱላውን ከኋላው ደበቀ። ወሎዬዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አንተ ምን ጉድ ነው ያመጣህብን! ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው እኮ የሚጠብቁት። እሷ ስትወጣ እሳቸው ይገባሉ፣ እሷ ስትመለስ ወጥተው ይሰግዳሉ" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን የማያውቀው ነገር አለና ነው የምነግርህ!"

ወሽመጤ ተቆረጠ። ይህን የማያውቀው በዚያ ገበያ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው። ለባለሱቋ ደግሞ የኤዶ መግባት እንደ መጋረጃው መሳብ ያህል የተለመደ ነገር ስለሆነ፣ ሳጥኔ እሳቸውን እንደ ሌባ ይቆጥራቸዋል ብላ አላሰበችም። እኔ ባዶ ሱቅ አየሁ፤ እሷ ኤዶ ያሉበት ሱቅ አየች። ሁለታችንም ያየነውን አልተነጋገርንም።

ባለሱቋ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ሳጥኑን በጣቷ አመለከተች፣ ጣቷን ወደ መሬት አወረደች። አውርደው። ፊቷ በእፍረት ቀልቷል፤ በሰው ሁሉ ፊት አክስቷን እንደ ሌባ ያስያዘች እሷ ሆና ቀርታለች። ሴቶቹ ጓደኞቿም መበታተን ጀመሩ። ሆድ ባሰኝ። መሰላሉን አቁሜ፣ መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ብሎን ስፈታ የአለቃዬ ድምፅ፣ "ሽቦ!" ሲል በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር።

"ቆይ" አሉ ኤዶ። "የያዘኝን ነገር ሳላየው ታወርዱታላችሁ? አሳዩኝ።"

እውነትም ካሜራው ሁሉንም ይዞታል። ወርጄ ምስሉን ወደ ኋላ መለስኩና በሱቁ ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ለቀቅኩት። ኤዶ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ድረስ ተጠግተው ቆሙ። እኛ ከኋላቸው ሆነን አየን።

በምስሉ ላይ በሩ ይከፈታል። አንዲት እጅ ትገባለች። የበሩን ጠርዝ ትዳብሳለች፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ የመስታወት ሣጥኑን ጫፍ፣ ከዚያ ትወርድና በርጩማውን ትፈልጋለች፤ አንዴ አጥታው፣ ሁለተኛ ፈልጋ ታገኘዋለች። ከዚያ ነው ኤዶ ቀስ ብለው የሚቀመጡት።

ባለሱቋ የኤዶን ትከሻ ያዘች።

"ኤዶ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ይሄ ፎቅ ብርሃኔን ከወሰደው ጀምሮ" አሉ ኤዶ መጀመሪያ። ቀጥለው፣ "ኧረ ከዚያም በፊት ነው" አሉ። "ፀሐይ ላይ ደህና ነኝ። እዚህ ጥላው ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ጥላ ነው። ጆሮዬ አለ ብዬ ዝም አልኩ። ብነግርሽ ከዚህ ታስነሽኛለሽ፤ እዚህ ካልጠበቅሁ ደግሞ እዚህ ምን እሠራለሁ?"

ወሎዬዋ እየተረጎመችልኝ ድምፅዋ ይሰበር ነበር። ባለሱቋ አለቀሰች፤ ሳትደብቅ ነው ያለቀሰችው። ያቺ ቆፍጣና ሴት ፊቷን በሻርፏ ስትጠርግ እኔም መፍቻዬን ይዤ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። አንጀቴን በሉት፣ እውነቴን ነው።

ኤዶ ግን ለልቅሶ ጊዜ አልነበራቸውም። ወደ ሳጥኑ ፊታቸውን መልሰው፣ "ይሄ ነገር ያያል አይደል? በጥላም ያያል?" አሉኝ።

"ያያል ኤዶ።"

"ታዲያ ለምን ይወርዳል? እኔን መጠበቁን ይተውና ለእኔ ይጠብቅልኝ።"

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ይህን ሲሉኝ በጭንቅላቴ ውስጥ ሽቦው ሁሉ ከየቦታው ተነቅሎ እንደገና ሲተከል ታየኝ። ለካ የምወዳቸውን ዕቃዎች አገናኝቻቸዋለሁ እንጂ ከሰው ጋር አላገናኘኋቸውም! "ይቻላል!" ብዬ ጮህኩ። "ይቻላል በያት! እስከ ነገ ብቻ ትታገሠኝ በያት!" ወሎዬዋ ተረጎመች። ባለሱቋ ኤዶን አየች፣ እኔን አየች። "እስከ ነገ ዙሁር" አለች። "ካልሆነ ይወርዳል።"

ከሰዓቱን እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። እንቅስቃሴ የሚለየውን ሴንሰር ከሱቁ ውስጥ ነቅዬ መተላለፊያው አፍ ላይ ሰቀልኩት። ሰው ገና ከመንገድ ሲታጠፍ እንዲሰማ ነው። ሳይረኑን ከእሱ ቆረጥኩት። በምትኩ ያው ሪሌይ ትልቅ የግንባታ አምፖል እንዲያበራ አደረግኩ፤ ያንን ጥላ ቀን የሚያስመስል አምፖል ነው። ከኤዶ ራስ በላይ ደግሞ ለስለስ ያለች የቤት ደወል ገጠምኩ። ካሜራውም በዚያችው ቅጽበት መያዝ ይጀምራል። በሩ ላይ ያለው ሴንሰር አሁን ካሜራውን እንጂ ሌላ ማንንም አይቀሰቅስም። ሳይረኑንና የበሩን ቁልፍ ወስጄ ከአንድ መጫኛ ቁልፍ ጋር አገናኘኋቸው፤ መጫኛውን በረጅም ሽቦ ወደ ኤዶ መዳፍ አመጣሁት። እሳቸው ካልተጫኑት አይጮህም፣ እሳቸው ካልተጫኑት አይቆለፍም።

ኤዶ ቁልፉን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ "ስጫነው ያ አህያ ይጮኻል?" አሉኝ።

"ይጮኻል።"

"ካልተጫንኩት ዝም ይላል?"

"ዝም ይላል።"

"ጎበዝ" አሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው "ጎበዝ" ያላለኝ ይመስል ፊቴ በራ።

በማግሥቱ ሴቶቹ መጡ። ወርቅ ሻጮቹ ወዲያኛው የመተላለፊያ ጫፍ ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ ትናንት የሆነውን ስለሰሙ እጃቸው ጆሮአቸው አካባቢ ነው። ባለሱቋ መጋረጃዋን ሳበች። ኤዶ ዛሬ ውስጥ አልገቡም። በርጩማቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ ቀኝ እጃቸው ትልቁ ጀሪካን ላይ፣ ግራ እጃቸው ቁልፉ ላይ ሆኖ ተቀመጡ። ሌባው እኔ ነኝ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። ባለሱቋ አስጠንቅቃኛለች፤ አንዲት ቃል እንዳልናገር፣ በድምፄ እንዳይለዩኝ። ካልሠራ ከዚያ ወዲያ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ፎቁ ከፊት ለፊቴ ቆሟል፣ ጥቅልሉ ሽቦ ይጠብቀኛል።

ከመንገዱ ታጠፍኩ።

"ቀጭ!"

አምፖሉ ቦግ አለ፣ ደወሏ ቅጭል ቅጭል አለች። መተላለፊያው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ። ኤዶ ቀና አሉ። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ተነሳ። እኔ ባለሁበት ደርቄ ቆምኩ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ ቀስ ብለው፣ ደጋግመው። ከዚያ በፊት በዓይናቸው እንዲያ ታይቼ አላውቅም ነበር። ቁልፉን ሳይጫኑት ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ከወዲያኛው ጫፍ አንዷ ወርቅ ሻጭ ታገሠች ታገሠችና፣ "ምነው አልጮኸም? ተበላሸ እንዴ?" አለች።

ኤዶ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቀኝ እጃቸውን ከትልቁ ጀሪካን ላይ አነሱ። ወደ ግራ ዞረው ትንሹን ጀሪካን አነሱና በጣሳ ይቀዱልኝ ጀመር።

"ለምን ይጩህ?" አሉ። "የፍየሉ ነው እኮ!"